ኢርማ በሩን ለምን ከፈተች

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2009 ዓ.ም.

እንግዶቼ አሁን ወጡ። ሳህኑን ሳላጥብ ነው የምጽፈው፤ ካጠብኩ የሰማሁት ሁሉ አብሮ ይፈስብኛል።

ዛሬ አራተኛውን ክፍል አየን። ተከታታይ ፊልሙ እውነተኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ «በሮቹ» ነው የምንለው። ፉአድ በፍላሽ እያመጣ ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ እናየዋለን፤ ከዚያ እስኪመሽ እንጨቃጨቃለን። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ሰበብ ነው፣ የምወደው ጭቅጭቁን ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በዚያ ከተማ የሰው ሁሉ መዳፍ ውስጥ ቁጥር ተቀብሯል፤ በር የሚከፈተው መዳፍ ሲያይ ነው። ቁጥሩ የተሰረዘበት ሰው የዳቦ ቤት በር እንኳን አይከፈትለትም። ኢርማ የምትባል የበር ጠጋኝ፣ ቁጥሯ የተሰረዘባትን ኖላን ቤቷ ደብቃለች። ችግሩ፣ በየቤቱ ያለው የአየር ማሽን የነዋሪውን ትንፋሽ ይቆጥራል።

ፉአድ የሕክምና መሣሪያ ኢንጂነር ነው፣ ላጤ ነው፣ ፊልም የሚያየው ስህተት ለመልቀም ነው። ትንፋሽ የሚቆጥር ማሽን ባለበት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ሰው መኖሩ እንዴት አልታወቀም፣ ደራሲው ረስቶታል፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ታሪኩ እዚህ ጋ ሞቷል አለ። ባለቤቴ ወንድወሰን ተስማማ። አውሮፕላን ጠጋኝ ስለሆነ ማሽን ሲታማ ደስ አይለውም፤ የሚረሳው ሰው ነው ባይ ነው።

ፌቨን ብዙ አትናገርም። ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ሶፋዬ ላይ ካልተኛች ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ግን ቀና አለች። ማሽኑ የሚሳሳተው መስኮት ሲከፈት ነው አለች። ኢርማ ሥራ ስትሄድ ኖላ ትተኛለች፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ ትንሽ ነው። ምግብ ከአንድ ሱቅ አትገዛም። ቆሻሻውን ግማሹን በቦርሳዋ ይዛ ሄዳ መሥሪያ ቤቷ ትጥለዋለች። ኖላ የምትራመደው ኢርማ ስትራመድ ብቻ ነው፣ ከታች የአንድ ሰው እግር ብቻ እንዲሰማ። «እንደኔ የታች ጎረቤት ጆሮው የቆመ ግብጻዊ ሽማግሌ ከሥሯ ቢኖርስ?» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ፉአድ እንኳን እጁን ሰጠ።

እኔ ግን ጣቴን በላኝ። ይሄ ለመጽሔት አምዴ የተፈጠረ ነው።

ስትወጣ የተረፈውን ምግብ ጠየቀችኝ። ባሏ ጁቤይል ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ትንሿ ልጇ እንደሆነች ወጥ አትነካም። ሁለት ዕቃ ሙሉ አድርጌ ሰጠኋት። የሌሊት ሥራ ሳያስርብ አይቀርም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 15

ጽፌ ላክሁ።

ጋሽ ዓለማየሁ፣ አዲስ አበባ ያሉት አዘጋጄ፣ ሌላ ጊዜ ሳያነቡ «ረዘመ» ይላሉ። ዛሬ ራሳቸው ደወሉ። አንባቢ ይሄን ይወደዋል፣ ነርሷ ታድግ፣ ደጋግመሽ አምጫት አሉኝ።

ሪያድ ከመጣን ወዲህ የራሴ የምለው ነገር ይህቺ አምድ ብቻ ናት። በወንድወሰን የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማው ላይ ሚስት ተብዬ ተለጥፌያለሁ፤ «ቁጭ በሉ ላውራችሁ» ላይ ግን ትእግስት ነኝ። ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ መስመር አለ፤ ሰዎቹ እውነተኞች ናቸው፣ ስማቸው ብቻ ተቀይሯል። አንባቢ የሚወደኝ ለዚያች መስመር ነው። እኔም የምኮራው በእሷ ነው።

ፌቨንን «ሲስተር ሰላም» አልኳት። ግብጻዊው አለ። እሱ ከወጣ ወሬው ጨው የለውም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 19

ወጣ። የመጽሔቱ ፌስቡክ ላይ ሰው እየተጋፋ ነው። ሲስተር ሰላም የደራሲውን ሥራ ሠራችለት ያለ አለ። «ይቺ ሴትዮ ቤቷ ሰው ሳትደብቅ አትቀርም» ብሎ የቀለደም አለ፤ ስንቱ ሳቀበት። እኔም ስቄያለሁ።

እዚሁ ሪያድ ያደገች ልጅ በመልእክት መጣች። ሀጅራ ትባላለች፣ አስተርጓሚ ነኝ አለች፣ «በሮቹን» ሁሉንም አይታለች፣ ጭቅጭቃችን አስቀንቷታል፣ ብመጣ ምን አለበት ትለኛለች። ነገ ነይ አልኳት። አዲስ ሰው፣ አዲስ ወሬ።

ፌቨን ደጋግማ ደውላለች። ስልኬ ቻርጅ ላይ ነበር። ነገ መገናኘታችን አይቀር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 20

ፌቨን ማንም ሳይመጣ ደረሰች። አባያዋን አላወለቀችም። ስልኳ ላይ የኔ ጽሑፍ ተከፍቷል።

«ስምሽን ቀይሬዋለሁ እኮ» አልኳት፣ ገና ምንም ሳትለኝ።

«ግብጻዊውንስ?» አለችኝ።

ከዚያ ቆማ ነገረችኝ። ዘመናይ የምትባል ልጅ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ቤቷ አለች። ሰሜን ሪያድ አንድ ቤት በሠራተኝነት ነበረች። እጇ በፈላ ዘይት ተቃጥሎ ወደ ሆስፒታል ሲያመጧት ቁስሉን ያሰረችላት ፌቨን ናት። ሌላ ቀን ፋሻ ልታስቀይር መጥታ፣ ሾፌሩ መኪናውን ሊያቆም ዞር ሲል፣ በሠራተኞች መውጫ ወጥታ የነርሶቹ አውቶቡስ ላይ ፌቨን አጠገብ ተቀመጠች። ውረጂ ማለት ነበረብኝ አለችኝ ፌቨን። አላለቻትም።

ከፊሏ፣ ማለት ያስመጣት አሠሪ፣ ሁሩብ አስመዝግቦባታል፤ ከሥራ ጠፍታለች ብሎ። አሁን መንግሥት ምህረት አውጥቷል፤ ወረቀት የሌለው ሁሉ ሳይቀጣ ወደ አገሩ ይግባ ተብሏል። ዘመናይም የጉዞ ወረቀት ለማውጣት ቆንስላ ተመዝግባለች፤ ሰልፉ ግን ማለቂያ የለውም። ወረቀቱ ሳይወጣ ካገኟት ያስቀጠራት ኤጀንሲ ወደዚያው ቤት ይመልሳታል፣ ውሏ አላለቀማ። እዚያ ቤት ማታ ማታ የክፍሏን በር ከውጭ ይቆልፉባት ነበር። ቁልፉ የሚቀመጠው ትልቁ ልጃቸው ኪስ ነው። ይሄን ስትለኝ ፌቨን እኔን ሳይሆን መጋረጃውን ነበር የምታየው።

እኔ መናገር አልተውኩም፤ ዛሬ አዲስ እንግዳ አለችን፣ ሀጅራ የምትባል አስተርጓሚ፣ ጽሑፌን ወዳው ነው የምትመጣው አልኳት። ፌቨን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ኤጀንሲው ውስጥ ዘመናይን «ጥሩ ቤት ነው እህቴ፣ አትፍሪ» ብላ ያስረከበቻት ልጅ ስሟ ሀጅራ ነው።

ደውዬ እንዳትመጣ ልበላት አልኩ።

«ብትከለክያት ነው የሚያስታውቀው። እኔም ብቀር ነው የሚያስታውቀው» አለችና አባያዋን አውልቃ ሰቀለች።

ሀጅራን ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልሆነልኝም። ሰምቡሳ ጠብሳ መጣች። ወንድወሰንን «ወንድሜ»፣ እኔን «ቲጂዬ» እያለች ከበር እስከ ሶፋ ድረስ ሁሉን ዘመድ አደረገች። አማርኛዋ የልጅ አማርኛ ነው፣ ሲጨንቃት ዐረብኛው ይቀድማታል። አምስተኛውን ክፍል አይተን እንደጨረስን የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ኖላ የት ነው የምትተኛው? ቤቱ ጠባብ ነው፣ አንድ አልጋ ብቻ ነው ያሳዩን። ፉአድ ደስ አለው፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲፈልግ የኖረ ነው።

«እኔ ኢርማን አላምናትም» አለች ሀጅራ። «የማታውቃትን ልጅ ለምን ታስገባለች? ሰው በነጻ እንዲህ አይደክምም። ታስጠርጋታለች፣ ልጅ ታስይዛታለች። ነጻ ሠራተኛ አገኘች፣ በቃ።»

«ኢርማ ልጅ የላትም» አለ ፉአድ፣ ስህተት ካገኘ የማይምረው።

«ለካ የላትም» አለች። ፊቷ ግን ወደ ፌቨን ነው።

ፌቨን ኢርማ በሩን የከፈተችው አስባበት አይደለም አለች። ሲንኳኳ እጅ ቀድሞ ይሄዳል፣ ምክንያቱን ሰው በኋላ ነው የሚፈልግለት አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ ሻዩን አፍስሼ የጠረጴዛ ልብሱን ያበላሸሁት።

ከዚያ ፉአድ፣ እግዜር ይይለት፣ ልጅሽ ዛሬ የታለች ብሎ ጠየቀ። ሁልጊዜ ይዛት ነው የምትመጣው። ቤት ናት አለች ፌቨን። ሀጅራ ሰምቡሳዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ከማን ጋር ብላ አልጠየቀችም፤ ጠበቀች።

«ባሏ መጥቷል» አልኩ እኔ።

ወንድወሰን ቀና ብሎ፣ መቼ መጣ፣ እንዴት ሳይደውልልኝ አለ። እግሩን ረገጥኩት። ተቀይሞ ሰምቡሳ አነሳ። እነዚያን በሮች የፈለሰፈው ሰውዬ ሚስት ነበረችው ወይስ አልነበረችውም የሚል ክርክር ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ አንስቼ እስኪሄዱ ድረስ ብቻዬን ለፈለፍኩ። ሀጅራ ስትወጣ አቅፋ ሳመችኝ። ሲስተር ሰላምን ዛሬ ባገኛት ብዬ ነበር አለችኝ በጆሮዬ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 21

ስሟን ቀይሬያለሁ። ስሟን ብቻ።

ለወንድወሰን ሁሉንም ነገርኩት። ከሰዓት በረንዳ ላይ ቆሞ ከወንድሙ ጋር በስልክ ሲያወራ «የዚች ሴት አፍ አንድ ቀን ከዚህ አገር ያስወጣናል» ሲል ሰማሁት። ሳቅ ብሎ ነው ያለው። ሳቁ ግን የሚስቅበት ዓይነት አልነበረም።

ያን ግብጻዊ ለምን ጨመርኩት? ሥዕል እንዲሰጥ ነዋ። የት አካባቢ፣ ምን ሥራ፣ ከታች ማን አለ፤ ወሬ ያለ ሥዕል ምን ዋጋ አለው ብዬ ስንቱን ጀማሪ ጸሐፊ አስተምሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ሀጅራ ደወለች። በቀጥታ ነው የገባችው። አንዲት ልጅ ጠፍታብናለች፣ ቤተሰቡ ወይ እሷን መልሱ ወይ ሌላ አምጡ እያለ ነው አለች። ጽሑፍሽን ወድጄው ቢሮ ውስጥ እየተረጎምኩ ለአለቃዬ አነበብኩለት፣ ለቀልድ ነበር አለች። «እሱ ግን አልሳቀም፣ ቲጂዬ። ይቺን ነርስ አግኚያት አለኝ።»

የአባቷም የወንድሞቿም ኢቃማ በዚያ ሰውዬ ስም ነው። እዚህ ተወልደው እዚህ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ እሱ ነገ ስማቸውን ቢሰርዝ የሚገቡበት አገር የለም። ይሄን የነገረችኝ እንደ ልመናም እንደ ማስፈራሪያም አልነበረም። የአየር ጠባይ እንደሚነገር ነው የነገረችኝ።

ሲስተር ሰላም ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። በሩ ተንኳኳ ብዬ ዘጋሁት። ማንም አላንኳኳም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 25

ጋሽ ዓለማየሁ ስለ ሲስተር ሰላም አንድ ገጽ ጻፊ አሉኝ። ፎቶ ይኖራት እንደሆነ ጠየቁ፣ ፊቷ ባይታይም እጇ። ታማለች አልኳቸው። ምን ታማ? ጉንፋን። ታዲያ የነርስን ጉንፋን ጻፊዋ አሉ፣ ቀልደው።

የምሥር ወጥ አሳረርኩ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 27

ፌቨን ተረኛ ነኝ ብላ ቀረች፤ እውነትም ተረኛ ናት። ሀጅራ መጣች፣ በእጇ ባስቡሳ የሚባል ጣፋጭ፣ በፊቷ እንቅልፍ ማጣት።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ኖላን የሚፈልገው መርማሪ የኢርማ በር ድረስ ይመጣል። በእጁ ትንፋሽ መቁጠሪያ አለ፤ ሁለት ያሳያል። ያየዋል። ከዚያ ደረጃው ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ ወርዶ ይሄዳል። ፉአድ ከመቀመጫው ተነሳ። ሁለት አይቶ እንዴት ይመለሳል? ወይ መሣሪያው ይበላሽ፣ ወይ ሰውየው ይታወር፣ ይሄ ስንፍና ነው አለ። እኔም ደገፍኩት። እንዲህ ያለ ሰው ጽፌ ብልክ ጋሽ ዓለማየሁ ፊቴ ላይ ይወረውሩት ነበር አልኩ። ወንድወሰን አስታራቂ ሆኖ ሁለታችንንም ተቆጣ።

ሀጅራ እኛ እስክንጨርስ ጠበቀች።

«መመለስ ፈልጓል» አለች። «ግን አለቃ አለው። ባዶ እጁን ቢሄድ አለቃው ሌላ ሰው ይልካል። የሚያሳየው ነገር ያስፈልገው ነበር፣ ስላላገኘ ነው ደረጃው ላይ ያን ያህል የቆመው። እናንተ ማሽኑን ነው ያያችሁት፣ እኔ እግሩን ነው ያየሁት።»

ፉአድ ይሄ የፊልሙ ሳይሆን የአንቺ ሐሳብ ነው አላት። ልክ ነህ ወንድሜ አለችው።

ፉአድ ሲሄድ ቀርታ ዕቃ አብራኝ አጠበች። እጇ ሳሙና ውስጥ እንዳለ፣ ሲስተር ሰላም ማን ናት አለችኝ ሁለተኛ። አሁን በር ይንኳኳ ቢባል እንኳን አላመልጥም ነበር። የለችም አልኳት። ፈጥሬያት ነው። መስኮቱንም፣ ቆሻሻውንም፣ እግሩንም፣ ግብጻዊውንም ከራሴ አውጥቼ ነው፤ ጸሐፊ አይደለሁ?

ማይልኝ አላለችም። ሳህኑን አጥባ፣ ውኃውን አራግፋ ደረደረችው።

«ከሥር ግን ሰዎቹ እውነተኞች ናቸው ይላል።»

«ይላል።»

«እንግዲያው ጻፊው። ፈጥሬያታለሁ ብለሽ፣ በስምሽ፣ በመጽሔቱ ላይ። ሐሙስ ካነበብኩት አምንሻለሁ» አለችና እጇን በፎጣ ጠረገች።

ምን ዓይነት ጨካኝ ልጅ ናት? የሚያመኝን ቦታ ጣቷን ሰድዳ አገኘችው። ውሸታም መሆኔን ለአገር ካላወጅኩ አታምነኝም ማለት ነው። ሰምቡሳዋን የበላሁበትን አፍ ልቆርጠው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28

አልጽፈውም። ሌላ መንገድ ይኖራል።

ፌቨን ዛሬ ደውላ ወረቀቱ እንዳልወጣ፣ ቆንስላው በር ላይ ያለው ሕዝብ መንገድ እንደዘጋ ነገረችኝ። ዘመናይን ወደ ዑድ፣ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ወደሚኖርበት ሰፈር እንውሰዳት አልኳት። እዚያ የማያውቋት ሰዎች ናቸው፣ በአንድ ቀን ወሬው ባጥሐ ገበያ ይደርሳል አለችኝ። «ወሬ እንዴት እንደሚሄድ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ጨመረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 29

ፉአድ ለእግሩ መንገድ ነው ብሎ ጎራ አለ፣ ተቀምጦም አልተቀመጠም። ያቺ ሀጅራ ጎበዝ ልጅ ናት አለ። ትናንት ደውላ ስለ ፊልሙ ስታወራው ቆይታ፣ ፌቨን የምትኖረው የትኛው የነርሶች ሕንጻ ነው ብላ ጠየቀችው። ነገርካት? ነገርኳት አለ። ምነው፣ ሰምቡሳ ልትወስድላት ነው እኮ አለኝ።

ለእሱ ምን ልለው? እሱ ሕንጻውን ለአንድ ሰው ነው የነገረው። እኔ ሽማግሌውን ለአገር ነው የነገርኩት።

ወንድወሰን ሥራ ሊሄድ ቱታውን እየለበሰ፣ ከዚህ ነገር ውጪ አለኝ። ለሀጅራም ለፌቨንም ስልክ አታንሺ፤ የኛም ወረቀት በሰው እጅ ነው። እውነቱን ነው። ከዚያ ጫማውን አሥሮ ሳይወጣ ቆመና «ደግሞ ያለችሽ እሷ ናት» አለ። አምዷን ማለቱ ነው፤ ሀጅራ ያለችኝን ነግሬው ነበር። አያነባትም ብዬ አስብ ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 30

ጽፌዋለሁ። አጭር ናት። «ሲስተር ሰላም የምትባል ነርስ የለችም፤ አታውቁኝ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከራሴ ነው የፈጠርኳት። ግብጻዊው ሽማግሌም የለም። ከዚህ በፊት ካወራኋችሁ ሰዎችም ብዙዎቹ የሉም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም። እውነት አይደለም፤ ሁሉም አሉ፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ያኮርፉኛል። ግን አንዷ ብቻ ውሸት ከሆነች ሰው ለምን እሷ ብቻ ይላል። ሁሉም ከሆነ ግን እኔን ብቻ ነው የሚያየው።

ጋሽ ዓለማየሁ ከሰዓት ደወሉ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። አይደለም አልኳቸው።

«ይሄን ካተምኩ ከዚህ በኋላ አንቺን ማተም አልችልም፣ ትእግስት። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ሐሙስ ይውጣልኝ።»

«ምን ገጠመሽ?»

እሳቸው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለእሳቸው ብቻ፣ በዚያ ላይ ሩቅ ናቸው። ምንም አልገጠመኝም፣ ደክሞኝ ነው አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 3

ወጣ።

አስተያየቶቹን ማንበብ አቁሜያለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አነበብኳቸው። ድሮም ጠርጥሬ ነበር ይላል አንዱ። ባሏም የለም ይሆናል ይላል ሌላው። አንዲት ሴት፣ ከናዝሬት ናት፣ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የአንቺን አምድ ነበር የማነብላት፣ አሁን ምን ልበላት ብላለች። እሷን ሳነብ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

አመሻሹ ላይ የሀጅራ መልእክት መጣ። «ለአለቃዬ ተረጎምኩለት። ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ሳቀ። የሐበሻ ጋዜጠኛ አለ። ለቤተሰቡ ሌላ ልጅ ይሰጣቸዋል። ኸላስ።»

አመነችኝ። የመርማሪውን እግር ያየች ልጅ፣ ያን ሁሉ ስታስተውል የነበረች ልጅ፣ ይቺን የኔን ተራ ውሸት አመነች። እኔ ራሴ አላምናትም ነበር። አመሰግናለሁ ልላት ጻፍኩና አጠፋሁት፤ ላታለልኩት ሰው ምን ብዬ ነው የማመሰግነው?

ዓርብ፣ ግንቦት 4

ፉአድ ብቻ መጣ። ሰባተኛውን ክፍል እኔ፣ ወንድወሰንና እሱ አየነው። ስህተት አገኘ፣ ነገረን፣ እኔ ሻይ ቀዳሁለት። ሰው ሁሉ ምን ሆነ አለ። ሞቀ እኮ አልኩት። እውነትም ሞቋል።

ስለ ጽሑፉ አላነሳብኝም። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ዞሮ፣ ያ የመስኮቱ ነገር ፌቨን ያለችው ነበር እኮ፣ እኔ ተቀምጬ ሰምቻለሁ አለ። አየሁት። ኢንጂነር ነው፣ ሁለትና ሁለት ለመደመር ጊዜ አይፈጅበትም፤ ግን እስከዛሬ ፊልም ላይ ብቻ ነበር የሚደምረው። ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። «ተሳስቼ ይሆናል» አለና ጫማውን አድርጎ ሄደ።

ዓርብ፣ ግንቦት 18

ፌቨን ስልክ አታነሳም። ነገ ረመዳን ይጀምራል ተብሏል፤ የሥራ ሰዓት ይቀየራል፣ ቆንስላውም የመውጫ ቪዛ የሚሰጠው ጀዋዛትም የሚሠሩት ግማሽ ቀን ነው። ስለዚያ ብቻ ነው የማስበው። ባጥሐ ገበያ ደርሼ መጣሁ፤ ሻንጣ የሚሸጡት ሱቆች ፊት ወገኖቻችን ተደርድረዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሻንጣ ይገዛል። ሴት ባየሁ ቁጥር ይቺ ትሆን እያልኩ እጅ እጇን አያለሁ። ፋሻ የሚታሠረው የትኛው እጇ እንደሆነ እንኳን አላውቅም። አይቻት የማላውቃት ልጅ!

ከእንግዲህ አልደውልም። ብደውል የምጠይቃት ስለሚገደኝ ነው ወይስ ማወቅ ስላለብኝ ነው? እኔ እንጃ። ሁለቱ እኔ ውስጥ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 30

ራሴን ያዞረኛል ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ያዞረኝ ነበር፤ ግን ከቤታችን የሚቀርብ ክሊኒክ ነበረ።

ፌቨን ናት ግፊቴን የለካችኝ። ሌላ ነርስ ልትጠራ የምትችል ነበር፣ አልጠራችም። ክንዴ ላይ ጨርቁን ጠቀለለች። ከስታለች። ልክ አፌን ስከፍት «ስለካ አይወራም» አለችኝ። ጨርቁ እስኪጠብቅ፣ እስኪላላ፣ ዝም አልኩ። እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም።

ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ አለች። ጻፈችው። ከዚያ እያጎነበሰች፣ ጨርቁን እየፈታች፣ ለጨርቁ እንደምትናገር ሁሉ፦

«እሑድ ሄደች። አዲስ አበባ ገብታ ደውላለች።»

እንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ፣ ከሁለቱ ግን የቀደመው ጥያቄዬ ነበር። ምን አለች? ስትወጣ ምን አደረገች? ምን ትመስላለች? መልኳ፣ ድምጿ? ጎርፍ ነው የሆንኩት። ፌቨን ቀጥ ብላ አየችኝ።

«ልትጽፊው ነው?»

«የት ላይ?» አልኳት።

መጽሔቱን ማንበቧን፣ ምን እንደተሠራ ማወቋን አልነገረችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ውጭ ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ያስላል። ሌላ በሽተኛ መጥራት ነበረባት፣ እጇ በሩ ላይ ነው። አልከፈተችውም።

«ረጅም ናት» አለች ፌቨን። «የልጄ አልጋ አልበቃትም። እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ ነበር የምትተኛው።»